ያልተነገረ መርዶ

አለኸኝ ሳይሞት ተለቀሰለት። ለቅሶውን ያመጣው ጠላት አይደለም፤ የሐሰት ወሬም አይደለም። እህቱን ስመኝን ለጋብቻ ሊጠይቁ በማለዳ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የቅሬ ዳኛው አያ አራጋው መሆናቸው ነገሩን አበላሸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ የቅሬ ዳኛ ደግሞ ሬሳ የሚያስነሳ፣ ድንኳን የሚያስተክል፣ መርዶ የሚያረዳ ሰው ነው። መካነ ሰላም ውስጥ አያ አራጋው ፀሐይ ሳትወጣ በር ካንኳኩ፣ የቤቱ ሰው «ማነው?» ብሎ አይጠይቅም። «የትኛው?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እንዲህ ያለውን ሰው ለሽምግልና መላክ እብደት ነበር። ግን የሙሽራው ወገኖች ራቅ ያለው የከላላ ወረዳ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁት አያ አራጋው የተከበሩና አንደበታቸው የሚያምር መሆኑን ብቻ ነው። እሳቸውም እምቢ አላሉም። ዕድሜ ልኩን ክፉ ወሬ ሲያደርስ የኖረ ሰው አንድ ቀን ደግ ወሬ ይዞ መሄድ ቢያምረው ማን ይፈርድበታል?

የስመኝና የአለኸኝ እናት ፈንታዬ ግን መጠርጠር የጀመረችው ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው።

አለኸኝ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ከገባ ቆይቷል። ጅዛን አካባቢ የአንድ ሰው እርሻ ይጠብቅ ነበር። እሑድ እሑድ እናቱ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ጠብቆ ይደውል ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ድምፁ ጠፋ፤ አሁን ኅዳር ነው፣ ገብሱ እየታጨደ ነው። ጎረቤቶቿ «ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል» ይሏታል። «ፖሊስ እያሳደዳቸው ነው አሉ፤ ተደብቆ ነው» ይሏታል። ሁሉም ሲጨርሱ «ደህና ነው፣ አብሽሪ» ይሏታል።

ፈንታዬን ያስፈራት ይኸው «ደህና ነው» ነበር። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ራሷም ስታድለው ኖራለች።

ዓረብ አገር የሞተ ልጅ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለቤተሰቡ አይደለም። አብሮት የነበረው ልጅ ለራሱ እናት ይደውላል፤ እናቲቱ ለቅሬው ትናገራለች፤ ቅሬው ተሰብስቦ መቼ ይረዱ ብሎ ይመክራል። አዝመራው ይግባ ይባላል፣ ጾሙ ይፈታ ይባላል። በዚህ መሀል የሟቹ እናት ገበያ ትወጣለች፣ በበርበሬ ዋጋ ትከራከራለች፣ ትስቃለች። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ልጅ የላከች እናት ከስልኳ ይልቅ የጎረቤቷን ፊት ነው የምትጠብቀው።

አጥር የምትጋራት በዛች ልጇ ሁዜይፋ ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ፣ «ዒዱ ይለፍላት» ተብሎ ተመከረ። በዛች «የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ለእኔ ዒድ የለም» ብላ አስቸገረች። በመጨረሻ ጅዳ ያለ አንድ ጓደኛው ሁዜይፋን መስሎ እንዲደውል ተደረገ። ልጁ እየሳለ፣ መስመሩም እየተቆራረጠ፣ «ጉንፋን ይዞኝ ነው እማ፤ ደህና ነኝ» አላት። ስልኩን በጆሮዋ ላይ የያዘችላት ፈንታዬ ነበረች። ይህን ክፋት ያለው የለም። ሰው በበዓል ቀን፣ በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን ሳለ አይረዳም፤ ወጉ ነው። ልጁ የሞተበትን ሰው የሚያጽናኑበት ቃልና ልጁ ያልሞተበትን ሰው የሚያረጋጉበት ቃል ግን አንድ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህን ፈንታዬ እስካሁን አስባው አታውቅም ነበር።

እና ፊት ማየት ያዘች።

በመጀመሪያ ያስጠረጠረቻት የገዛ ልጇ ናት። ስመኝ ደሴ ተምራ የመጣች፣ ወረዳ ግብርና የምትሠራ፣ የቤት ሥራ ሲነሳ ራሷን የሚያማት ልጅ ናት። በዚያ ሳምንት ግን ከቢሮ ተመልሳ እጅጌዋን ሰብስባ ወለሉን በእበት ለቀለቀችው።

«ምን ሊመጣ ነው?» አለቻት ፈንታዬ።

«ምን ይመጣል? ቆሸሸ።»

«ሲቆሽሽ ዛሬ ነው ያየሽው?»

ስመኝ አጎንብሳ መለቅለቋን ቀጠለች። በማግስቱ ከበዛች ቤት ሁለት አግዳሚ ወንበር ተሸክማ መጣች።

«ይሄስ?»

«የኛው እግሩ ተሰብሯል እኮ እማ።»

«ከተሰበረ ዓመት አለፈው። ሰው ሊቀመጥበት ነው?»

«ኧረ እማ፣ አንቺ ደግሞ!» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ፈንታዬ ተከትላ ብትወጣ ስመኝና በዛች በአጥሩ ላይ ሲንሾካሾኩ አገኘቻቸው። ሲያይዋት ዝም አሉ። በዛች አጥሩን ዞራ መጥታ አቀፈቻት፤ ጠዋት የተሳሳሙ ጎረቤታሞች እንደገና እንደዚያ አይተቃቀፉም።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ደግሞ ሼህ መሐሙድን አገኘች። ከበዛች ቤት ቀጥሎ ያለው ቤት የእሳቸው ነው። አያ አራጋው የሚሄዱበት ጉዳይ ሁሉ እሳቸውም አሉበት፤ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ለቅሶ ሁለቱ ናቸው የሚያበርዱት። ሼሁ ቆም ብለው ሰላምታውን አዘነቡት። «አማን ነሽ? ጤናሽ? ላሚቱ ወለደች? ገብሱን ውርጭ አልነካውም? ወገብሽ እንዴት ሆነ?» አሉ። ፈንታዬ እየመለሰች ጠበቀች። ስለ አለኸኝ አልጠየቁም። ባገኟት ቁጥር አስቀድመው የሚጠይቋት እሱን ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው ሼሃችን» አለችና ዐይናቸውን ፈለገች። ሼሁ ዐይናቸውን ወደ ሽንኩርቱ አዞሩ። ሰውዬው ከነገ ወዲያ ልጇን ሊጠይቁ በሯ ላይ እንደሚቆሙ እያሰቡ አፍረው ነበር። ፈንታዬ ያነበበችው ሌላ ነው።

እሑድ ማታ ስመኝ ራቱን ራሷ አቀረበችና ከፊቷ ቁጭ አለች። «በደንብ ብዪ እማ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ምንም አልበላሽም እኮ! ነገ ደግሞ ጠዋት የትም እንዳትወጪ።»

«ቤተክርስቲያን ልስም አልኩ።»

«ነገ ይቅርብሽ።»

ፈንታዬ ጉርሻዋን መለሰችው። መርዶ የሚነገረው ሰው ሆዱ ባዶ እንዳይሆን ከዋዜማው ይበላል፤ ማለዳ ከቤት እንዳይወጣ ይያዛል። ስንት ሰው ራሷ አብልታለች፣ ስንት ሰው ይዛለች። ስመኝ እውነቱን ብትነግራት ሁሉም በዚያው ያበቃ ነበር። ግን ሽማግሌ እንደሚላክባት የምታውቅ ልጅ የማታውቅ መምሰል አለባት፤ አወቀች ከተባለ «ራሷ ናት የጠራቻቸው» ተብሎ ይወራባታል። የከላላ ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ከሆነው ከእንዳልካቸው ጋር ቀኑን የቆረጡት ሁለቱ ራሳቸው ናቸው፤ ስመኝ ግን ለእናቷ አፏን አትከፍትም። ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነገሯን ቀይሯል፣ ይህን አልቀየረውም።

ሰኞ በማለዳ በሩ ተንኳኳ።

ፈንታዬ ከፈተች። አያ አራጋው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከጎናቸው ሼህ መሐሙድ አሉ። ከኋላ ደግሞ የማታውቀው፣ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ አለ። እሱ የእንዳልካቸው አጎት ነው፤ እሷ ግን ጃኬቱን አይታ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ነው አለች በልቧ፤ ወሬውን ይዞ የመጣው እሱ ነው።

«እንዴት አደሩ አያ አራጋው። ግቡ።»

«እንዴት አደርሽ ፈንታዬ። እግዚአብሔር ይመስገን። ቆመን ይሻላል» አሉ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። መርዶ ነጋሪም አይቀመጥም።

«ግድ የለም፣ አረፍ በሉ።»

«አይ፣ ጉዳይ አለን። እሱን ሳናደርስ አንቀመጥም።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ቁርስ ቀማምሰሻል?» አሏት።

ይህን ለምን እንደጠየቁ በኋላ እሳቸውም ሊያስረዱ አልቻሉም። አፋቸው የለመደው ነው።

ፈንታዬ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል በዛች በጓሮው በር ገብታ ከጀርባዋ ቆማለች። ለሽማግሌዎቹ የሚቀርብ እርጎ ይዛ ስመኝን ልታግዝ ነበር የመጣችው። መርዶ ሲነገር ግን ከሐዘንተኛዋ ጀርባ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትቆማለች፤ ስትወድቅ የምትይዛት።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች ፈንታዬ። «አለኸኝን! ልጄን!»

ከዚህ በኋላ የሆነው ማንም ያዘዘው አይደለም። ጩኸቱን የሰማው ሰፈር ነጠላውን እያዘቀዘቀ ሮጦ ገባ። የጠየቀ የለም፤ እናት «ልጄን» እያለች፣ የቅሬ ዳኛው በሯ ላይ ቆመው ምን ይጠየቃል? ጡሩንባ ነፊው ከመንገድ አይቶ እስከ ገበያው ድረስ ነፋው። ወንዶች ድንኳኑን ሊያወጡ ወደ ቅሬው ቤት ሄዱ። ስመኝ ያመጣቻቸው ወንበሮች ተሰልፈው ስለተገኙ ብዙ ሰው «አይ የተማረ ልጅ! ሁሉን አሰናድታ» ብሎ አመሰገናት።

«የሞተ ሰው የለም!» ይላሉ አያ አራጋው ዱላቸውን እያነሱ። «ፈንታዬ ስሚኝ፤ እኛ የመጣነው ለደግ ነው!»

«አያ አራጋው ዛሬስ አረጁ» አለች አንዷ ለሌላዋ። «ከጮኸች በኋላ ምን መደበቅ ያስፈልጋል?»

«እማ! ለእኔ ነው የመጡት!» ስመኝ በሴቶቹ መሀል እየተጋፋች ደረሰች። «ሊጠይቁኝ ነው! እንዳልካቸው ነው የላካቸው! ይንገሯት እንጂ አያ አራጋው!»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችባት። «እኔን ልጄ! ደንግጣ ነው። ውሃ አምጡላት።»

«አልደነገጥኩም!»

«እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ። አልደነገጥሽም።»

የከላላው ሰው ነገሩ ስላላማረው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ፈቀቅ ሲል አንዲት አሮጊት ጃኬቱን ያዙ።

«አሟሟቱ እንዴት ነው? አብረኸው ነበርክ?»

«እኔ የከላላ ሰው ነኝ እናቴ። ልጁን አይቼውም አላውቅ።»

«አስምለውታል» አሉ አሮጊቷ ወደ ጎን፤ ጃኬቱን ግን አልለቀቁም።

ፀሐይ ስትሞቅ ፈንታዬ መጮኽ አቆመች። ድምፅዋ ስላለቀ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ፈለገች፤ እውነቱን። መቼ ሞተ? ተቀብሯል ወይስ በረሃ ላይ ቀርቷል? ሁሉም ሰው በየተራ ጆሮዋ ሥር እየመጣ አንዳንዱ «አይዞሽ»፣ አንዳንዱ «ደህና ነው አሉ እኮ» ይላታል። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም የሚዋሽ ሰው ፊት ነው። በመጨረሻ በዛችን በእጇ ሳበቻት።

«አንቺ እንኳ አትዋሺኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ። ምን ሰማሽ?»

«ወላሂ ምንም አልሰማሁም ፈንትዬ። እርጎ ላቀብል ነው የመጣሁት።»

«በሁዜይፋ አምላክ ይዤሻለሁ።»

«በሁዜይፋ። የሰማሁት የለም።»

ፈንታዬ እጇን ለቀቀችው። «እኔም ያኔ በአለኸኝ ምዬልሽ ነበር» አለቻት።

 በዛች ከዚያ በኋላ አጠገቧ ተቀምጣ ዝም አለች፤ ከቤቱ ሁሉ ለፈንታዬ የተመቻት ይህ ዝምታ ነው፤ ይበልጥ ያስጠረጠራትም እሱ ነው።

ጡሩንባው ከከተማው አልፎ ጅዛን ደረሰ። ኡምኩልሱም የምትባል የሰፈሩ ሴት እዚያ ልጅ አላት፤ «የአለኸኝ አሟሟት እንዴት ነው?» ብላ ደወለችለት። ልጇ ደነገጠና ሲያጠያይቅ፣ ሲያጠያይቅ፣ ከቀትር በኋላ አለኸኝን ሌላ እርሻ ውስጥ፣ ስልኩን ተቀምቶ፣ ቲማቲም ሲለቅም አገኘው። የኡምኩልሱም ልጅ የራሱን ስልክ ይዞ ነበር። «ሞተሃል ተብሎ እየተለቀሰልህ ነው» ሊለው ይችል ነበር። ግን ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ እንዳለ በሰው አገር ላለ ሰው አይነገርም። «ቤትህ ደውል፤ ደህና ናቸው» ብሎ ሰጠው።

የስመኝ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የሳዑዲ ነው፤ አንስታ ድምፁን ስትሰማ ስፒከሩን ከፍታ ወደ እናቷ ሮጠች።

«እማ፣ እሱ ነው! አለኸኝ ነው! አናግሪው!»

ፈንታዬ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «የማንን ልጅ ነው ያስደወላችሁት?»

«እማ!»

«ሳል እንዳይረሳ ንገሩት።»

መስመሩ ይንሿሿል። «ስመኝ? ስመኝ ነሽ?» ይላል ድምፁ። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አሉ አያ አራጋው ከበር ሆነው።

«አያ አራጋው ናቸው? እሳቸው እኛ ቤት ምን ይሠራሉ?»

አያ አራጋው ከበሩ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

«እማስ?» አለ ድምፁ።

«ደህና ናት!» አሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ።

«ስጧትና ድምፅዋን ልስማው።»

ስመኝ እናቷን አየች። ፈንታዬ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ሼህ መሐሙድ ሊያግዙ ፈለጉና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አብሽር ልጄ፣ ትንሽ ደከም ብሏት ነው። ደህና ናት።»

«አትዋሹኝ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «እኔን ነው የምትዋሹኝ? ልጅ ሆኜ አያ አራጋውን በር ሲያንኳኩ ያየኋቸው እኔ አይደለሁም? ቁርስ ቀማምሰሃል ልትሉኝ ነው? ስልኩን የሰጠኝም ልጅ ደህና ናቸው ደህና ናቸው ይለኛል፣ ዐይኑን ግን ከኔ ያሸሻል! መቼ ነው? ቀበራችኋት? ስመኝ፣ ሳልመጣ እናቴን ቀበራችኋት?» ከዚያ ቃሉ ጠፋና ልቅሶ ብቻ ተሰማ፤ «እናቴን፣ እናቴን» የሚል።

ፈንታዬ አንገቷን ቀና አደረገች። የተላከ ልጅ ቢሆን «ደህና ነኝ» ይል ነበር፤ የሚላከው እሱን እንዲል ነው። ይህ ልጅ ስለራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። አንዱንም አላመነም። ያንን ሁሉ ምልክት እንደ እሷ ለቅሞ፣ እንደ እሷ ደምሮ፣ እንደ እሷ ተሳስቷል። እንዲህ የሚጠራጠር እሷ ያሳደገችው ብቻ ነው።

«ስጪኝ» አለችና ስልኩን ከስመኝ እጅ ነጠቀች። «አለኸኝ! እኔ ነኝ። አለሁ።»

የተሰማው የደረቀ፣ ሲጮህ ያረፈደ ድምፅ ነው። ልጁ ማልቀሱን ገታ አደረገ።

«እትየ በዛች» አለ ቀስ ብሎ። «እባክሽ። አታድርጊብኝ።»

«በዛች አይደለሁም! እናትህ ነኝ!»

«እናቴ ከሆንሽ ያ ሁሉ ሰው ለማን ነው የሚያለቅሰው?»

«ላንተ ነው!»

«ምን? አልሰማሁም። ለማን?»

በዚህ መሀል የፈንታዬ ወንድም ቤተሰቦች ከአቀስታ በሚኒባስ ደረሱ። ከበሩ ጀምረው ደረት እየመቱ፣ «አለኸኝ ወንድሜ» እያሉ ገቡ፤ በቤቱ የተረፈው ሰው ሁሉ አብሯቸው ተነሣ።

«ዝም በሉ!» አለች ፈንታዬ። «ልጄ ነው፣ ስልክ ላይ ነው! ዝም በሉ!»

«አይ ልጄ፣ ልጄ ነው ስትል አንጀት ትበላለች» አለችና የወንድሟ ሚስት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ለቅሶው ባሰ። አያ አራጋው ሊያስጥሏት ሞክረው አልሆነላቸውም።

«ሃሎ? ሃሎ?» ይላል ስልኩ። «ስመኝ? ዘጋችሁት?»

ፈንታዬ የወንድሟን ሚስት እጆች አንድ በአንድ ከአንገቷ ላይ ፈታቻቸው። መቀነቷን አጠበቀች። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ በለቀስተኞቹ እግር መሀል፣ በወንበሮቹ መሀል አለፈች። «ተከተሏት፣ ራሷን ትጎዳለች» አለ አንድ ሰው። ስመኝ ክንዷን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችባቸው።

ፈንታዬ በጓሮው በር ወጣች፤ ለቅሶው ወደ ስልኩ እንዳይገባ በሩን ከኋላዋ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።